የሁለተኛው ጉድጓድ ዘር

ያልታጠበ የበግ ጠጉር ሽታን ልጁ ገና በሩን ሳያልፍ አወቅሁት። ባለፈው ሰኔ ፍኖተ ሰላም ከቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም የጎረቤቴ ልጅ ናሆም መርፌና ክር ሊዋሰኝ መጣ፤ በእጁ የጥቁር በግ ለምድ ቁራጭ ይዟል፤ ለወላጆች ቀን ንጉሡን ሆኖ ሊጫወት ነውና ጢም ሊያሰፋበት ነው። የንጉሡን ስም አልጠራም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። አገር ለአገር እየዞረ ያስገበረው፣ ዛሬ በባጃጅ ጀርባ የሚሳለው፣ ጎረምሶች በደረታቸው ለብሰውት አስፋልቱን ሽቅብ ቁልቁል የሚሉት እሱ ነው። መርፌውን ሰጠሁት፤ ልጁ ምን አጠፋ? እሱ ሲሄድ ግን ምስሩን ከነሰፌዱ ወዲያ ገፋሁት። ያ ሽታ ከአርባ ዓመት በፊት በኔ አገጭ ላይ ነበረ።

ያደግሁት ጅጋ ነው። ትምህርት ቤታችን ከገበያው ጎን ስለነበረ በገበያ ቀን የበርበሬው ብናኝ በመስኮት እየገባ መምህሩንም ተማሪውንም እኩል ያስነጥሰን ነበር፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህሩ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ እናያለን እንጂ ቃሉ አይሰማንም፤ እኛም እንደገባው ሰው ራሳችንን እንነቀንቃለን። አራተኛ ክፍል እያለሁ አጠገቤ የምትቀመጠው ይታይሽ ነበረች፤ የአያ አንለይ ልጅ፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ መምህሩ ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን በክርኗ ጎሸም አድርጋ የምትነግረኝ። ከሷ ጋር ልቀመጥ ብሎ የሚሻማኝ ግን ማንም አልነበረም፤ ይታይሽ "የእጀ ቆራጣው ዘር" ናትና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአያ አንለይ ቅድመ አያቶች አንዱ፣ ቢምረው የሚባል ገበሬ፣ ያ ንጉሥ ጎጃምን ሊያስገብር በመጣ ጊዜ እጁ በአደባባይ ተቆርጧል። እጁ የሚቆረጥ ሌባ ነው፤ ስለዚህ ቢምረው ሌባ ነበረ፤ ስለዚህ ዘሩም ሌባ ነው። አገሬው ከዚህ በላይ አልመረመረም። ከክፍል እርሳስ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈተሸው የይታይሽ የጨርቅ ቦርሳ ነበር። እርሳሱ ሁልጊዜ ከሌላ ቦታ ይገኛል፤ ይቅርታ የሚጠይቃት ግን የለም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

የታሪክ መምህራችን ወጣት ነበር፤ ስለዚያ ንጉሥ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ ያደርግና ጠመኔውን እንደ ጎራዴ ይሰብቃል። ለወላጆች ቀን ድራማ ደረሰ። የንጉሡ ንግግር ሁለት ገጽ ሙሉ ስለነበረ ከወንዶቹ አንዱም ሊሸመድደው አልቻለም፤ እኔ ደግሞ ጉሮሮዬ የአዋጅ ነጋሪ ነው፤ እናቴ "አንቺ ስትጣሪ ማንኩሳ ድረስ ይሰማል" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ስለዚህ ንጉሥነቱ በኔ ላይ ወደቀ። የጥቁር በግ ጠጉር በዱቄት ሙጫ አገጬ ላይ ተለጥፎ፣ የአባቴን ኩታ ደርቤ ስቆም ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድራማው ውስጥ የንጉሡ ፍርድ አዋቂነት የሚታይበት ቦታ አለ፤ የመንግሥት እህል የሰረቀ ሌባ ታስሮ ይቀርባል፣ ንጉሡም እጁን ያስቆርጣል። ሌባውን ሆኖ መጫወት ማንም አልፈለገም። ከኋላ አንዱ "ይታይሽ አለች!" ብሎ ጮኸ።

"ንጉሡ ሴት ከሆነ ሌባውም ሴት ቢሆን ምናለበት?" አለ መምህሩ፣ በራሱ ቀልድ እየሳቀ።

ይታይሽ ዴስኩ ላይ አቀረቀረች። እምቢ አላለችም፤ እምቢ የሚባለው ሰሚ ሲኖር ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ለመለማመድ ቤታቸው ሄድኩ። አያ አንለይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሞፈር ጠፍር ያለፋሉ። ንግግሬን በዚያ ጉሮሮዬ አወረድኩት፤ "ሌባው እጁ ይቆረጥ!" ስል እጃቸው ቆመ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ስመኝ፣ ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በይ" አሉኝ። "ቢምረው የማንን እህል እንደሰረቀ ነግረውሻል?"

"የንጉሡን፣ አያ።"

"የራሱን ነው። የንጉሡ ሠራዊት መጥቶ እዚህ ሰፈረ። ጎተራውን በላ፣ በሬውን በላ፣ ያልበላውን አቃጠለ። ቢምረው ለዘር ያስቀረውን ገብስ በረቱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ላዩን እበት መርጎ ደበቀው። መሬቱን በጦር እየወጉ አገኙበት። የንጉሥ ቀለብ ሸሽገሃል፣ ሌባ ነህ ብለው ገበያ መሐል ቆረጡት። ሁለተኛ ጉድጓድ ግን ነበረው። እጁ ሲቆረጥ እንኳ አላወጣም። ሠራዊቱ ሲሄድለት ከዚያ እያወጣ ለጎረቤቱ ሁሉ በቁና ሰፍሮ ሰጠ፤ ለናንተም ቤት ሰጥቷል። እሱ የቀረ ክንዱን ከእርፉ ጋር በጠፍር እያሰረ አረሰ።"

ይኸን ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ይታይሽ አጠገባቸው ቆማ እኔን ሳይሆን እግሯን ታይ ነበር።

በማግሥቱ ለመምህሩ ነገርኩት። "መጽሐፉ ላይ የሌለ የጓሮ ወሬ አታምጪብኝ" አለኝ፤ ቀጥሎም "ካልፈለግሽ ሌላ ንጉሥ አላጣም" አለ። ተመልሼ ንግግሬን መለማመድ ያዝኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ እያልኩ ራሴን ልምር ሞክሬ አውቃለሁ፤ አልሆነልኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ጢሙን ወድጄው ነበር። ጭብጨባው ገና ሳይጨበጨብ ይሰማኝ ነበር።

በወላጆች ቀን ሜዳው ሞላ። ይታይሽ እጇን የፊጥኝ ታስራ ፊቴ ተንበረከከች፤ እኔም በሙሉ ጉሮሮዬ "ሌባው እጁ ይቆረጥ!" አልኩ። ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። የሳቀው በድራማው አይደለም፤ የተንበረከከችው የማን ልጅ እንደሆነች ስላወቀ ነው። ያን ጊዜ አያ አንለይ ከኋላ ተነሡ። ዱላቸውን መሬት ላይ አኑረው፣ ጋቢያቸውን ለችሎት እንደሚቆም ሰው አደገደጉ።

"ቢምረው ሌባ አይደለም!" አሉ። "ከማን ዘር ዘርታችሁ እንደበላችሁ አባቶቻችሁ አልነገሯችሁም?"

ተቀመጡ ተባሉ፤ አልተቀመጡም። ሁለት ታጣቂዎች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘው ሲያስወጧቸው በመድረኩ ፊት አለፉና ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺስ ስመኝ? ነግሬሽ አልነበር?"

የበጉ ጠጉር አፌ ውስጥ ገብቶ ነበር። መምህሩ ከጎን "ቀጥዪ!" አለኝ፤ ቀጠልኩ። ተጨበጨበልኝ፤ ደብተርና እስክርቢቶም ተሸለምኩ።

ይታይሽ ከዚያ ቀን ወዲያ ትምህርት ቤት አልረገጠችም። አባቷ ዳግመኛ ልጄን ለእናንተ መሳቂያ አልልክም አሉ፤ ዓመት ሁለት ዓመት ሳይቆይም ወደ ሽንዲ ዳሯት። እኔ ተማርኩ፤ ሥራ ያዝኩ፤ ጉሮሮዬም አልፈረሰም።

ብዙ ዘመን አልፎ ቡሬ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ስጽፍ አንዲት ገጠሬ ሴት ወረቀት ልታስፈርም መጣች። ስሟን አንብቤ ቀና አልኩ። ያ ጥርሷ ባይሆን አላውቃትም ነበር። እስክርቢቶ ሰጠኋት፤ ሳቅ ብላ አውራ ጣቷን ዘረጋችልኝ።

"ረሳሁት እኮ ስመኝ። ሽንዲ ማን ያስጽፈኛል ብለሽ?"

ጣቷን ይዤ ቀለሙ ላይ የተጫንኩት እኔ ነኝ። እግረ መንገዷን፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሰው፣ የትልቋ ልጇ እጮኛ ወገኖች ዘር አጣርተው ሽማግሌዎቻቸውን እንደመለሱ ነገረችኝ። የእጀ ቆራጣው ስም እሷን ተከትሎ ሽንዲ ገብቷል። ይቅር በይኝ ብዬ አለቀስኩባት።

"እኔንማ ምን ትይኛለሽ?" አለችኝ ወረቀቷን እያጠፈች። "ለሳቁት ንገሪያቸው።"

አልነገርኳቸውም። ሥራ አለብኝ አልኩ፣ ልጆች አሉኝ አልኩ፣ ማን ይሰማኛል አልኩ። ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። አያ አንለይ ሞቱ፤ ቀብራቸውንም የሰማሁት ከወር በኋላ ነው።

ባለፈው ሰኔ ግን ናሆም መርፌዬን ይዞ በሄደ በሳምንቱ፣ ለወላጆች ቀን፣ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ንግግሩ ያው ነው፤ ሌባውም አለበት፤ ሰውም ሳቀ። ድራማው ሲያልቅ ተነሣሁና የቢምረውን ነገር፣ በረቱን፣ ጦሩን፣ ሁለቱንም ጉድጓድ በዚያ በድሮው ጉሮሮዬ ተናገርኩት። አንዱ ጎረምሳ "የጠላት ወሬ ነው!" ብሎ አፏጨ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ርእሰ መምህሩ በትሕትና ሰዓት እንደሌለ ነገሩኝ። ማንም ክንዴን አልያዘም፤ ብቻዬን ወጣሁ።

በሩ ጋ አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው እያዘገሙ ደረሱብኝ። የጅጋ ሰው ናቸው፤ ድሮ ከኛ ቤት በላይ ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ እዚህ ከልጃቸው ጋር ናቸው። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እውነትሽን ነው ልጄ። እኛም ከዚያ ጉድጓድ ነው የዘራነው። አባቴ ይነግረኝ ነበር። ሁሉም ቤት ይነገር ነበር እኮ።"

ያን ሁሉ ዘመን እኔ ምስጢር የያዝኩ ይመስለኝ ነበር፤ አያ አንለይን ሰው ያላመናቸው ስላላወቀ ይመስለኝ ነበር።

"አያ አንለይ የተነሡ ዕለት አንቱ ሜዳው ላይ ነበሩ?" አልኳቸው።

"ነበርኩ።"

"ሳቁ?"

በምርኩዛቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። "ሁሉ ሲስቅ… ደሞስ ማን ጠየቀኝ ልጄ?"

ንጉሡ የቆረጠው አንድ እጅ ነው፤ ቆርጦም ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ፣ የተፈተሸውን ቦርሳ፣ የተመለሱትን ሽማግሌዎች፣ በቀለም የተነከረውን አውራ ጣት፣ ያደረግነው እኛው ነን፤ ያውም እያወቅን፣ ያውም ዘሩን እየበላን።

ሽማግሌው "በይ ደህና ዋይ" አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። የሽማግሌ ሰላምታ ሳልመልስ ስሄድ በዕድሜዬ ያ የመጀመሪያዬ ነው።