ለሰዒድ የተተወ ቦታ

ልጆች እያለን ለዒድ ፖርቱጋል እንሄድ ነበር፤ ያውም ከመቀሌው ሰፈራችን ከሓድነት በሚኒባስ። ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል፤ እኔ ግን እውነቴን ነው። መሀል መቀሌ እኛም እንደ ጎረቤቶቻችን «አቦይ ገብሩ» የምንላቸው ሽማግሌ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ መጋረጃ ከካላንደር አይተው በገዛ እጃቸው የሣሉት የፖርቱጋል ከተማ ነው። ደን የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ ቤተ መንግሥት፣ ከቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ ደግሞ እንደ ስኳር ቁልል የቆሙ ሁለት ነጫጭ ነገሮች። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ በየበዓሉ እዚያ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሥቷል።

አባትና እናቴ ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። የዒድ ሰላት እንዳለቀ እናቴ እኔንና ታላቄን ሰዒድን እየጎተተች ፎቶ ቤቱ ትወስደናለች። ልብሳችን ሁልጊዜ ሰፊ ነበር። ሰዒድ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቶ እያየችው፣ ባለሱቁን «ግድ የለም፣ ያድግበታል» ትለዋለች። ሰዒድም ጣቶቹን የሸፈነውን እጅጌ እጥፍጥፍ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ፎቶ ቤቱ አዲስ ልብስ አዲስ ልብስ ይሸት ነበር። ዛሬም አዲስ ጨርቅ ሲሸተኝ ዒድ ይመስለኛል።

የምንጨቃጨቀው በሁለቱ ነጫጮች ነበር። እኔ የመስጊድ መናራ ነው እላለሁ። ሰዒድ ጫፋቸው ላይ ጠቆር ያለ ቀለም ስላየ፣ ጥቀርሻ ነው፣ የወጥ ቤት ጭስ መውጫ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። «አንተ ሆዳም ስለሆንክ ሁሉ ነገር ወጥ ቤት ይመስልሃል» እለው ነበር። አቦይ ገብሩን ብንጠይቃቸው፣ «እኔ እንዳየሁት ሣልኩት፤ ስታድጉ ሄዳችሁ እዩትና ንገሩኝ» አሉን። ሰዒድም «አብረን እንሄዳለን» አለ።

ሄድኩ፣ ብቻዬን። አምና መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ሊዝበን ላከኝና በእረፍት ቀኔ በባቡር ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ወደ ሲንትራ ሄድኩ። ቀኑ ጭጋግ ነበር። ተራራው አናት ላይ ያለው አሮጌ ምሽግ አይታይም፤ ግንቡ ሁሉ የድንጋይ ሽበት ለብሶ ውሃ ያንጠባጥባል። መንገዱን ዞር ስል ቤተ መንግሥቱ ከነነጫጮቹ ቆሟል። አስጎብኚዋ አንድ ሰፊ ክፍል አስገብታን ቀና በሉ አለች። ጣሪያው ወደ ላይ እየጠበበ ሄዶ ትንሽ ብርሃን ላይ ያልቃል። የቆምነው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ሰዒድ ልክ ነበር፤ ተሸነፍኩልህ የምለው ወንድም ግን የለኝም። ከዚያ ሁሉ ጎብኚ መሀል ቆሜ አለቀስኩ።

ሰዒድ በጦርነቱ ጊዜ «ዱቄት ላፈላልግ» ብሎ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሞቷል ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። እናቴ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሲንትራ የሄድኩ ዕለት ጠዋት ደውላ፣ «ፎቶ ስትነሺ በግራሽ በኩል ቦታ ተይለት» ብላኝ ነበር። እኛ ዘንድ ፎቶ ቤቱ በቦታው የሌለውን ሰው ፎቶ ውስጥ ያስገባል። ስደት የሄደው ወንድምም፣ የሞተው አባትም ተለጥፎ ከቤተሰቡ ጋር ይቆማል። ስወጣ ቤተ መንግሥቱ ፊት ቆሜ፣ ፎቶ እንዲያነሣኝ ስልኬን ለአንድ መንገደኛ ሰጠሁት። ወደ መሀሉ ጠጋ በይ እያለ በእጁ ቢያሳየኝም አልተጠጋሁም። ሰዒድ ከቤት ሲወጣ ትከሻው ሰፊ ሙሉ ሰው ነበር፤ ለእሱ የሚበቃ ቦታ ተውኩ። ያኔ ከኋላችን ያለው ጨርቅ ነበር፣ እኛ ግን ሁለታችንም ነበርን። አሁን ቤተ መንግሥቱ እውነተኛ ነው፤ ምን ያደርግልኛል።

መቀሌ ስመለስ ከእናቴ ጋር ፎቶ ቤቱ ሄድን። አቦይ ገብሩ አርፈዋል፣ መጋረጃውም የለም፤ ልጃቸው በኮምፒዩተር ትሠራለች። ሰዒድ ካደገ በኋላ የተነሣቸው ፎቶዎች ስልኩ ውስጥ ነበሩ፣ ስልኩም አብሮት ሄዷል። የቀረን የዒዱ ነው። ልጅቷ ያንን ትንሽ ልጅ፣ እጅጌውን እንዳጣጠፈ፣ በሲንትራው ፎቶ ላይ ከጎኔ አቆመችው። ታናሽ እህቱ እኔ ሽበት አውጥቼ እናቱ መሰልኩ። ለትልቅ ሰው ብዬ በተውኩት ቦታ ላይ ልጁ አነሰ፤ ዙሪያው ክፍት ሆነ።

«አደይ፣ ቦታው ሰፋበት። ላጥብበው?» አለቻት ልጅቷ እናቴን።

እናቴ ትኩር ብላ አየችው።

«ተይው» አለች። «ያድግበታል።»