የወለላ ሆድ

በቅርቡ ልጄ ሜሮን ውሻዋን ይዛ እዚህ ጅማ ወዳለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ትንሽ ጸጉራም ውሻ ነው፤ ሆዱ ከተበላሸ ሰንብቷል። ዳነ ሲባል ተመልሶ ይይዘዋል። ወጣቱ ሐኪም ሆዱን ዳበሰው፣ ምን እንደሚበላ ጠየቀና «መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ምግቡን እንለውጥ። አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ፤ ከሌላ ነገር ቁራሽ እንኳ እንዳትጨምሪበት» አላት። ሜሮን እንደ አዲስ ነገር አዳመጠችው። እኔ ግን ይህንኑ ነገር በወጣትነቴ ጋምቤላ ውስጥ ከሌላ ሐኪም አፍ የሰማሁበት ጊዜ ድቅን አለብኝ። ትዝታው ብቻውን ቢመጣ ደግ ነበር፤ ቅናቱም አብሮት መጣ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴ ሲሞቅ ተሰማኝ።

ጋምቤላ ያኔ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም። የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም ገና አልደረቀም ማለት ይቻላል። ትናንት አስተማሪ የነበረው ዛሬ ኃላፊ ሆኗል፤ ኃላፊው ተሹሞለት ወንበሩ ያልገባለት ክፍልም ነበር። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው አቦቦ አካባቢ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔም ልጅነቴን የጨረስኩት ከበቆሎው ማሳ ዝንጀሮ ሳባርር ነው። የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ ስመለስ ጋምቤላ ከተማ ግብርና ቢሮ ውስጥ መደቡኝ። ኡቻላም ከእኔ ጋር ተመደበ።

ኡቻላ አኙዋክ ነው፤ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ቀን እንደ ምድጃ የምትግል አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ክፍል አብረን ተከራየን። ረጅም ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ሸሚዙ በዚያ ሙቀት እንኳ አይጨማደድም። በትምህርት እበልጠው ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ያኔ ከእሱ የምበልጥበት ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ነው። ሰው ሁሉ እሱን ይወዳል። ገበያ አብረን ስንወጣ ዓሣ ሻጮቹ ለእሱ መርጠው ከላይ ምራቂ ይጨምሩለታል፤ ለእኔ ዋጋ ይነግሩኛል።

በበጋው፣ ሣሩ ተቃጥሎ አመዱ በንፋስ ከተማው ላይ በሚበተንበት ወቅት፣ ዶክተር አልማዝ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ከመሀል አገር መጣች። አጠር ያለች፣ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ የምታደርግ፣ ስትናገር ቃል የማታባክን ሴት ነበረች። የመጣችው ሥር የሰደደ የአንጀት በሽታ ያለባቸውን ውሾች ልታጠና ነው። ይህ ሲሰማ የቢሮው ሰው ሳቀ። ለሰው መድኃኒት በሚጠፋበት አገር የውሻ ተቅማጥ ማጥናት!

«በባሮ ወንዝ ዳር ያሉ አዳኞችን ጠይቁ» አለች እሷ ሳትቆጣ። «ውሾቻችን ይበላሉ፣ ግን ይከሳሉ ይላሉ። የትል መድኃኒት ተሰጥቷቸው ያልዳኑ አሉ። ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ነገሩ እኔን ያን ጊዜ ያዘኝ። ሌላው ሲስቅ እኔ በልቤ ጥያቄዋን ደጋገምኩት። ትል ካልሆነ ምንድን ነው? ለረዳትነት የምትመርጠው እኔን እንደሚሆንም አልተጠራጠርኩም። በማግስቱ ከቢሮው ፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አቆመችን።

«አንዳችሁ ከእኔ ጋር ቤት ለቤት ትዞራላችሁ፤ አንዳችሁ ማይክሮስኮፑ ላይ ትቀመጣላችሁ። ኡቻላ፣ አንተ ከእኔ ጋር። ታደሰ ጠንቃቃ ነው ብለውኛል፤ ናሙናው ላንተ ይሁን።»

ጠንቃቃ መባል ምስጋና ነው። ናሙና የተባለው ግን የውሻ ዓይነ ምድር ነበር።

«አኙዋክኛ እኮ እኔም እችላለሁ» አልኩ።

«ትገበያይበታለህ» አለ ኡቻላ እየሳቀ፤ «አሮጊት ታሳምንበታለህ ግን?»

ክፋት አልነበረበትም። የባሰብኝም ይኸው ነበር፤ ክፋት ቢኖርበት ልጠላው እችል ነበር።

ከዚያ በኋላ የእኔ ቀን ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ የትል እንቁላል መፈለግ ሆነ። እነሱ ጠዋት ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ፤ ከሰዓት ጫማቸው አሸዋ ለብሶ፣ የበሰለ ማንጎ እየላጡ ይመለሳሉ። የሚያወሩት ቀልድ መጀመሪያው እኔ በሌለሁበት የተጀመረ ነው። ትል የተገኘባቸው ውሾች የትል መድኃኒት ተሰጣቸው። ትል ያልተገኘባቸው ወይም መድኃኒቱ ያልረዳቸው ደግሞ ምግባቸው ተለወጠ፤ የዓሣ ሆድ ዕቃና የቤት ትራፊ ቀርቶ የበቆሎ ገንፎ በተቀቀለ እንቁላል ብቻ። ሰው ለውሻ እንቁላል እንዲቀቅል ማሳመን የኡቻላ ሥራ ነበር፤ አሳመናቸውም። ብዙዎቹ ውሾች ተቅማጣቸው ቆመ፤ ጎናቸው ሞላ። ማታ ማታ ክፍላችን ውስጥ ሲተርክልኝ ወደ ግድግዳው ዞሬ የተኛሁ እመስል ነበር።

አንድ ቀን ኡቻላ አንዲት ውሻ ተሸክሞ መጣ። የማር ቀለም ያላት፣ አጥንቷ የሚቆጠር፣ ዓይኗ ግን ንቁ የሆነ ሴት ውሻ ነበረች። ባለቤቷ ዓሣ እያደረቁ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ ወንዙ ዳር የወደቀ ዓሣ ሁሉ የውሻዋ ስለሆነ ምግቧን መቆጣጠር አልቻሉም።

«ከቻላችሁ አድኗት፣ ካልቻላችሁም ዓይኔ ሥር አትሙት አሉኝ» አለ ኡቻላ።

«ከወንዝ ርቃ፣ ሌላ ነገር ሳትቀምስ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል» አለች ዶክተር አልማዝ።

«እኔ እይዛታለሁ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ።

ወለላ አልኳት። ቢሮው ጓሮ ውስጥ ጥግ ሠራሁላት፤ ገንፎዋን በገዛ እጄ አገነፋ ነበር፤ ሰው ቁራሽ እንዳይጥልላት እንደ ዘበኛ ጠበቅሁ። ዶክተር አልማዝም ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ወደ እኔ መምጣት ጀመረች። ተቀምጣ ትጠይቀኛለች፣ አሳያታለሁ፤ ኡቻላ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም ነበር።

ወለላ ግን አልዳነችም። ሌሎቹን ያዳነው ምግብ ለእሷ አልሠራም። እየቀለለች ሄደች፤ ከዚያም ቆማ መሄድ ያደክማት ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት ዶክተር አልማዝ አጠገቧ በርከክ ብላ የውሻዋን አንገት እያሻሸች እንዲህ አለችኝ።

«የምፈልጋት እንዲህ ያለችውን ነበር፤ ምግብ ተለውጦላት ያልዳነችውን። በሽታው አንጀቷ ግድግዳ ውስጥ ነው። በመርፌ ሳይሰማት እስከ ወዲያኛው ታንቀላፋለች፤ ከአንጀቷ ቁራጭ ይዤ ሄጄ አስመረምራለሁ። ይህን ለብቻው እንጽፈዋለን፤ ስምህ ከስሜ ጋር ይወጣል።»

ቀና ብዬ ኡቻላን አየሁት። ስንት ጊዜ እኔ ተሸክሜው የዞርኩትን ፊት በእሱ ላይ አየሁ። አንገቱን ደፍቷል፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ በእጁ የዶክተሯን ባርኔጣ ይዞ ያጣምመዋል። ቀንቶብኝ ነበር! ደስታው እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ጉሮሮዬን አርሶ ወረደ። እሺ ለማለት አፌን ከፈትኩ።

«አይሆንም ዶክተር» አልኩ።

«ለምን?»

ሳይንስ የሚቀበለው ምክንያት አልነበረኝም። «ዛሬ ጠዋት ገንፎውን ሳማስል ጭራዋን ቆላችልኝ» አልኩ።

ይስቃል ብዬ የጠበቅሁት ኡቻላ ቀና አለ። «የሚሞከር ሌላ ነገር የለም ወይ?» ሲል ጠየቃት።

«የሰው ኪኒን አለ፤ የአንጀት ብግነትንና እብጠትን የሚያበርድ» አለች። «ሊረዳት ይችላል፤ ላይረዳትም ይችላል። ኪኒኑን ሰጥተሃት ብትሞት ግን መድኃኒቱ አንጀቷን ስለሚለውጠው ናሙናዬም አብሮ ይበላሻል፤ ይህን እወቅ።»

ኡቻላ ወደ ፋርማሲ ሲሮጥ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ኪኒኑ ወለላን ውኃ ጠጪ አደረጋት። ባልዲ ሙሉ ጠጥታ የቢሮውን ጓሮ ታጥለቀልቀዋለች፤ ዘበኛው ይሳደባል፣ እኔ እጠርጋለሁ። ከዚያ መብላት ጀመረች። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ የተቃጠለው መሬት አረንጓዴ ሲያወጣ እሷም ሥጋ አወጣች፤ ኪኒኑንም ቀስ በቀስ ቀነስንላት። ዶክተር አልማዝ ልትሄድ ስትል ጨብጣኝ «ልክ ነበርክ ማለት አልችልም። ዕድለኛ ነበርክ» አለችኝ። የጻፈችውን ሥራ ከዓመት በኋላ አየሁት፤ መጨረሻው ላይ ለእኔና ለኡቻላ በአንድ መስመር ምስጋና ሰጥታለች። የእሱ ስም ቀድሟል።

አሮጊቷ ግን ወለላን መልሰው አልወሰዷትም። ወንዙ ዳር ከተመለሰች ዓሣው ተመልሶ ይጥላታል ብለው ለእኛ ተዉልን። የእኔ ሆነች ብዬ ነበር። አንድ እሑድ ኡቻላ ወደ ዘመዶቹ መንደር ሊሄድ ሲነሣ ከበሩ ላይ በአኙዋክኛ ጠራት። ያደገችበት ቋንቋ ነው። ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ። እኔ «ወለላ!» አልኩ፤ ዞር ብላ አየችኝና፣ ጭራዋን እንደ ሰላምታ ወዘወዝ አድርጋ፣ እሱን ተከትላ መንገዱን ያዘች።

«ትመለሳለች» አለኝ ኡቻላ ከሩቅ።

ተመለሰችም። ስትመለስ ግን የተኛችው በእሱ አልጋ ሥር ነው። በኋላ እኔ ወደ ጅማ ስዛወር ማንም ለማን ትሁን ብሎ አልጠየቀም። ኡቻላ አሁን ጡረታ ወጥቶ እዚያው ጋምቤላ አለ። በየበዓሉ እንደዋወላለን፤ ከሞተች ብዙ ዓመት ቢሆንም ስለ ወለላ ሳያነሣ አይዘጋም፤ እንዴት ያለች አዳኝ እንደነበረች፣ እሱን ብቻ እንዴት ትሰማ እንደነበረ። እስከ መጨረሻው አዳምጠዋለሁ። ከእሱ ሌላ እሷን የሚያስታውስ ሰው የለኝም።

ከክሊኒኩ ስንመለስ ይህን ሁሉ ለሜሮን ነገርኳት። መኪናዋን እየነዳች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ ሰማችኝ።

«ታዲያ ውሻዋ የማን ነበረች?» አለችኝ።

«የኡቻላ።»

ትንሽ እንደሄድን «ያዳንኳት ግን እኔ ነኝ» ብዬ ጨመርኩ። ሜሮን ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።