የቦራ ውርንጭላ

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጅ ለማየት የተቃረብኩ ሴት ነኝ። በመሀል ባለው ዕድሜዬ ይህን ነገር ለእናቴም፣ ለባሌም፣ ለሼኩም አልተናገርኩም። ብናገረው እንደገና የማደርገው ይመስለኝ ነበር። እናንተ ግን አታውቁኝም፣ እኔም ፊታችሁን አላይም። ስለዚህ ልንገራችሁ፤ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ።

እኔ ሰርቄያለሁ። የሰረቅሁት ከገዛ አክስቴ ነው። የሰረቅሁትም ገና እግሯ ያልጸና፣ ከእናቷ ሆድ ከወጣች ቅጽበት የማይሞላት ውርንጭላ ነው።

ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነበር። አባቴ ፈረስ አርቢ ነው። ሰው ሁሉ «ቆላ ለፈረስ አይሆንም» ይለዋል፤ እሱም «ለሰውስ መች ሆነ?» ይልና ሥራውን ይቀጥላል። ወንዶቹ ፈረሶች ከተማ ወጥተው ጋሪ ይጎትታሉ፣ ባዝሮቹ እቤት ሆነው ይወልዳሉ። የኔ ሥራ በረት መጥረግ፣ የማሽላ አገዳ ከትፎ ማቅረብና ፀሐዩ ሳይከርር ወንዝ ወስዶ ማጠጣት ነበር። ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው በጋው ሊያልቅ፣ በልግ ሊገባ ሲል ያለው ሰሞን ነው። አገዳው ያልቃል፣ ወንዙ ይቀጥናል፣ የፈረሶቹ የጎን አጥንት ከሩቅ ይታያል። በጣርማ በር በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ግን ዝናቡን ከኛ ቀድመው ያሸቱታል። መብላታቸውን ትተው አፍንጫቸውን ወደ ደጋው አዙረው ይቆማሉ። እኔም መጥረጊያዬን ይዤ አብሬያቸው እቆማለሁ። በጣም ነበር የምወዳቸው። ታዲያ የሚወድ ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኔ አድርጌያለሁ።

በዚያ ዓመት ሁለት ባዝሮች ከብደው ነበር። አንደኛዋ የኛ ናት፤ ቀለሟ ደማቅ ቀይ ቡናማ ስለሆነ ዳማ እንላታለን። ሌላዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ ናት። ቦራ የአክስቴ የሐዋ ነበረች። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ማጀቴ ከተማ ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር ቀረች። ግጦሽም ጠባቂም ስላልነበራት ባሏ የተወላትን ቦራን እኛ ዘንድ በርቢ አስቀመጠቻት። የርቢ ነገር እንዲህ ነው፦ አርቢው ይቀልባል፣ ይጠብቃል፤ የሚወለደውን ከባለቤቱ ጋር በየተራ ይወስዳል። የመጀመሪያው የቦራ ልጅ ለኛ ደርሶ ጋሪ ይጎትት ነበር። ይሄኛው ተራው የአክስቴ ነበር። በርቢ ማንም ቆሞ አያዋልድም፣ ማንም አይመሰክርም። አርቢው «ወለደች» ካለ ወለደች ነው፤ «ሞተ» ካለም ሞተ ነው። ባለቤቱ አምኖ ይቀበላል። ባያምን ኖሮ መጀመሪያውኑ አይሰጥም።

አባቴ ደግሞ ለኔ ቃል ገብቶልኝ ነበር። «ዳማ የምትወልደው ያንቺ ነው፤ በረቱን የምትጠርጊው አንቺ ነሽ» አለኝ። ወንድሜ ሰዒድ ይህን ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ።

«ሴት ልጅ ፈረስ ይዛ የት ልትደርስ ነው? ለሰርጓ ራሷ ጋልባ ልትሄድ ነው?»

«እሄዳለሁ! አንተን ግን አልጠራህም!» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። በየጠዋቱ የዳማን ሆድ በመዳፌ እየነካሁ የኔዋን አናግራት ነበር።

የባዝሮቹ መውለጃ ሲቃረብ አክስቴ ከማጀቴ መጣች። ገና በሩን ሳታልፍ በቀጥታ ወደ በረት ሄደችና የቦራን አንገት አቀፈች። እናቴ ከቤት ብቅ አለች።

«እትዬ ሐዋ፣ ኧረ ይግቡ! ፀሐይ ላይ ቆመው!»

«ቆይ እስቲ አንቺ፣ ከዘመዴ ጋር እያወራሁ አይደል!» አለች አክስቴ። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ራህሜ፣ አባትሽ በደንብ ያበላታል? ወይስ ቁርሷንም ጋሪ ነጂዎቹ ይበሉባታል?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር።

ከሳቋ በኋላ ነው የነገረችኝ። «ቦራ ሴት ከወለደችልኝ አሳድጌ በጥገት ላም እለውጣታለሁ። ላም ካለችኝ ቅቤ እያወጣሁ ለሁለት ሰው እበቃለሁ። ዘይነባን ከሰው ቤት አወጣታለሁ፣ ኢንሻአላህ።» ዘይነባ ልጇ ናት፤ ከኔ በአንድ ዓመት ብትበልጥ ነው። ሸዋ ሮቢት ሰው ቤት ተቀጥራ ዕቃ ታጥባለች፣ የሰው ልጅ ታዝላለች። አክስቴ ይህን ስትል እኔ ከአጠገቧ ቆሜ ነበር። ሰምቻለሁ። ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም ብል እዋሻለሁ። በደንብ ገብቶኛል።

አክስቴ ወደ ማጀቴ ከተመለሰች በኋላ አንድ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ለቅሶ ሄደ፤ እኔ በረት ልጠብቅ ቀረሁ። አባቴ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም ባዝሮች አገላብጦ አየ። «ዛሬ አይወልዱም፤ ጡታቸው ጫፍ ላይ እንደ ሰም ያለ ነገር ገና አልወጣም» አለና ሄደ። አባቴ በፈረስ ነገር ሲሳሳት ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ዳማ እነሱ ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ ወለደች። ውርንጭላው አልተነፈሰም። አፍንጫውን ጠረግሁለት፣ ደረቱን በጆንያ አሸሁት፣ አፉ ውስጥ እፍ አልኩበት። ዳማ ትልሰዋለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። አልተነፈሰም። ስንት ወር ያናገርኩት እሱን ነበር።

በዚያው መሀል በረቱን ለሁለት ከሚከፍለው አጥር ወዲያ ቦራ ተኛች። ልጇ እየፈጠነች መጣች። ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ አለች። ገና ሳትደርቅ ልትቆም ሞከረች፣ ወደቀች፣ እንደገና ሞከረች።

ሳላስበው አደረግሁት ልላችሁ ፈልጌ ነበር። ስንት ጊዜ ለራሴ እንዲያ ብያለሁ! ግን ጨው ፍለጋ ወደ ቤት ሄጃለሁ። ከበረት ወጥቶ፣ ጓዳ ገብቶ፣ ጨው ጨብጦ የሚመለስ ሰው አላሰበም ይባላል? አባቴ እናቱ የሞተችበትን ውርንጭላ ለሌላ ባዝራ ሲያላምድ አይቼ ነበር። የባዝራዋን እንግዴ ልጅ ውርንጭላው ላይ ያሸዋል፣ ጀርባው ላይ ጨው ይነሰንሳል፤ ባዝራዋ ስትልሰው የራሷን ሽታ ታገኛለች፣ ታምናለች። እኔም የዳማን እንግዴ ልጅ በሁለት እጄ አነሳሁ። የቦራን ልጅ አቅፌ ወሰድኩ። አሸኋት። ጨው ነሰነስኩባት። ዳማ አሸተተች፣ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ መላስ ጀመረች።

የሞተውን ጎትቼ ቦራ ፊት አስተኛሁት።

ቦራ አሸተተችው። አልላሰችውም። ቀና ብላ ከአጥሩ በላይ አሻግራ ልጇን፣ ከዚያም እኔን አየች። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ሰው በብዙ ዓይን አይቶኛል፤ እንደዚያ ያየኝ የለም።

አባቴ ሲመለስ ቦራ ትጮኻለች። «ምነው እንዲህ የምትጣራው?» አለኝ። «ልጇ ሞቶባት ነው» አልኩት። እሱ በረቱን፣ ከዚያ በደም የተለወሰ ቀሚሴን አየና እኔን አቀፈኝ። የውርንጭላዋን ነጭ ግንባር ሲያይም «አባቷን ወጥታለች» አለ። ሁለቱንም ባዝሮች ያጠቃው ፈረስ ግንባሩ ነጭ ነበር። አልጠረጠረም። ማን የገዛ ልጁን ይጠረጥራል?

አክስቴ በሦስተኛው ቀን መርዶውን ሰምታ መጣች። እንድትጮህ፣ እንድትጠይቀኝ ፈልጌ ነበር። አንድ ጥያቄ ብትጠይቀኝ የምናገር ይመስለኝ ነበር። «የአላህ ነው፣ ኸይር ይሁን» አለችና ወደ ቦራ ሄደች። ከዚያ የቦራ ጡት ወተት ቋጥሮ እንደተወጠረ አየች። ተንበርክካ በጣሳ አለበቻት፤ ቦራም ለሷ ዝም ብላ ቆመችላት። ጣሳውን ወደኔ ዘረጋችው።

«እንኪ ራህሜ፣ ለምን ይደፋል? ላንቺዋ አጠጫት። የዳማ ወተት ይነስባት ይሆናል።»

ተቀብዬ አጠጣኋት። ውርንጭላዋ የእናቷን ወተት ከኔ እጅ ጠጣች። አክስቴም «ብቻሽን ሆነሽ ሁለት ባዝራ አዋለድሽ፤ የኔ ጀግና» ብላ እጄን ሳመችው። ጨው የነሰነሰውን እጄን። እኔ አፍ የለኝም ነበር? ነበረኝ። «የኔ አይደለችም፣ ያንቺ ናት» ለማለት ስንት ቃል ያስፈልጋል? አላልኩም።

ውርንጭላዋ አደገች፣ ጋለብኳት፣ ሰዒድም መሳቁን ተወ። ቦራ ግን እንደገና አልወለደችም። ብዙ ቆይታ አርጅታ ሞተች። ላሟ አልተገኘችም። ዘይነባም ከሰው ቤት ሳትወጣ እዚያው ልጅነቷን ጨረሰች፤ ከዚያው ቤት ተዳረች። አባቴም አክስቴም ዛሬ አፈር ውስጥ ናቸው። የአባቴን አርቢነት አቆሸሽኩበት፤ እሱ እስኪሞት ድረስ የሰው አደራ እንደበላ አላወቀም።

ልጅ ነበረች ብላችሁ አትማለዱልኝ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ላደረግሁት ልጅነቴን ባሳብብ፣ በሃያ ዓመቴ ዝም ላልኩት ምን ላሳብብ ነው? በአርባዬስ? አክስቴ በሕይወት ሳለች ስንት ዒድ አብረን በልተናል! እኔ ራሴ ባዝራ አለኝ፤ ዘንድሮም በልግ ሲቃረብ ከብዳለች፤ የጡቷን ጫፍ በየጠዋቱ ሳላይ አልውልም። ዘይነባ እዚሁ ሸዋ ሮቢት አለች፤ የልጆች እናት ናት። ይህን ጽፌ ስጨርስ ለሷ ነው የማነብላት። አፉ በይኝ እላታለሁ። አፉ ካላለችኝም መብቷ ነው፤ ደግሜ አልለምናትም።

እሷ ለኔ ምን እንደሆነ ሳታውቅ የነገረችኝ አንድ ነገር አለ። ሁለታችንም አራስ ሆነን ስንጠያየቅ ነው ያወራችኝ። አክስቴ መርዶውን ሰምታ የመጣች ቀን ከኛ ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ማጀቴ አልሄደችም። ሸዋ ሮቢት ገብታ ዘይነባ የምትሠራበትን ቤት አንኳኳች። የቤቱን እመቤት ትንሽ ጊዜ ለምና ልጇን ደጁ ላይ ካለ ድንጋይ አስቀመጠቻት። ጸጉሯን ፈታች፣ ቅባት ቀባች፣ ሹሩባ ሠራችላት። ስለ ሞተው ውርንጭላ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስትጨርስ «ለከርሞ ትወጫለሽ» አለቻትና አንገቷን ስማት ወደ ማጀቴ መኪና ሄደች።