ጨርቅ የማይደርስበት ጨዋታ

አክስቴ ባለችበት ክፍል አቧራ ደፍሮ አያርፍም ነበር። ሥራዋ የሆስፒታል ልብስ ማጠብ ነው። የሐኪሞቹን ነጭ ካፖርት እንፋሎት የሚተፋው ትልቅ ማሽን ውስጥ ከመክተቷ በፊት ኪሱን ሁሉ ገልብጣ ትፈትሻለች፤ ያገኘችውን እስክሪብቶ፣ ቁልፍና የተላሰ ከረሜላ ሳይቀር በየባለቤቱ ለይታ ትሪ ላይ ትደረድራለች። «ኪስ ሳይፈተሽ አይታጠብም» የሚለው ቃሏ በልብስ ማጠቢያው ክፍል እንደ ሕግ ይጠቀስ ነበር። ጡረታ ስትወጣ የተሸለመችው የግድግዳ ሰዓት ዛሬም ሳሎኗ ተሰቅሏል፤ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት ምስጋና ግን በየቀኑ ከመወልወሉ ብዛት ከግማሽ በላይ ለቅቋል።

እቤቷ ይህ ሕግ አይሠራም። እቤት ትጠርጋለች እንጂ አትፈትሽም፤ ዋናው ተጎጂም ባሏ ነበር።

ባሏን ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሥራ በቀዘቀዘ ሰዓት ሁሉ ከደንበኞቹ ጋር ቼዝ ይጫወታል፤ ሁሌም ይሸነፋል። ደንበኞቹ «ጋሼ እኮ ለገበያው ብሎ ነው የሚሸነፍልን» እያሉ ያሞግሱታል፣ እሱም ምስጢር እንዳለው ሰው ፈገግ ይላል። እኔ ግን በልጅነቴ ተራዬን እየጠበቅሁ ስመለከት፣ ንግሥቱ በተበላች ቁጥር ሁለቱም ጆሮዎቹ ፍም ይመስሉ ነበር። ይህ ሰው በሕይወቱ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ አንዲት ጊዜ ማሸነፍ ይፈልግ ነበር።

መቀሱን ከሰቀለ በኋላ የእንጨት ሰሌዳውን ሳሎን ዘርግቶ ብቻውን ይጫወት ጀመር። ውሃ ሊጠጣ ተነሥቶ ሲመለስ ሰሌዳው ያበራል፤ ጠጠሮቹ ግን በሥርዓት ሳጥናቸው ገብተዋል።

«ወዳጄ፣ የት ሄዱ?»

«ለቅሜ ከተትኩልሃ! አቧራ ሊጠጡልህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ነው አሮጌ ኮምፒውተር የገዛው። ዓላማው አንድ ነበር፤ ጨርቅ የማይደርስበት ቦታ መጫወት። ከማያውቁት ሰው ጋር ቼዝ የሚያጋጥም ድረ ገጽ አሳየሁት። ስሙን እንዲያስመዘግብ ስነግረው ግን ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

«ለማላየው ሰው ስሜን? ምን ሊያደርግበት ነው?»

ስለዚህ ድረ ገጹ «እንግዳ» ብሎ ከአንድ ቁጥር ጋር ተቀበለው። ጋሼም በዕድሜው ማምሻ እንግዳ ሆኖ መሸነፉን ቀጠለ።

ዓመት አልሞላም፣ ጨርቁ እዚያም ደረሰ። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ «ላጽዳ?» ብሎ ጠየቀ። አክስቴን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ ዕቃ አልነበረምና በደስታ «አዎ» አለችው። ጋሼ ሲመለስ ድረ ገጹ እንደ አዲስ ሰው ተቀበለው። የጀመረው ጨዋታ የለም።

«ገደልሽኝ!» አለ።

«ይኸው! እጄ አመድ አፋሽ ነው» አለችው ጨርቋን እያጠፈች።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ጨዋታ የቀሩት ንጉሡና አንድ የተደናገጠ ወታደር ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን «በእጄ የነበረ ጨዋታ» ሆነ። በተናገረው ቁጥር አንድ አንድ ጠጠር እየተመለሰለት፣ በመጨረሻ ንግሥቲቱም ከነክብሯ ተመለሰች።

ባለፈው ክረምት ግን ጋሼ ስልክ ደወለልኝ፤ ድምፁ የሰው ቤት በር የሚያንኳኳ ሰው ድምፅ ነበር። «እስቲ ናና እይልኝ፤ ዓይኔ እየዋሸኝ እንዳይሆን።» ሄጄ አየሁ። እውነትም እያሸነፈ ነው! ተጋጣሚው እንደሱ ያልተመዘገበ ሌላ እንግዳ ሲሆን፣ ንጉሡ ጥግ ተይዞ መውጫ አጥቷል። የቀረው ሁለት እርምጃ ብቻ። ደንቡ ግን ለእያንዳንዱ እርምጃ በተሰጡት ጥቂት ቀናት ውስጥ ያልተጫወተ ተሸናፊ ነው ይላል፤ የጋሼ ጊዜ ደግሞ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ያበቃል። ኮምፒውተሩም ያን ቀን መረጠና ታፈነ። ገጹ ይከፈታል፣ ሰሌዳው እስከ ግማሽ ይሳላል፣ ይቆማል። የሚታየው ግማሽ ንጉሡ የሌለበት ነው።

በሠፈሩ ሬዲዮም ኮምፒውተርም ለሚጠግነው ሰው ደወልንና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጮክ አድርገን አስቀመጥነው።

«ብሮውዘሩ እስከ ዛሬ ያያቸውን ሥዕሎች ሁሉ አጠራቅሞ ነው እትዬ» አለ ጠጋኙ። «ጊዜያዊ ፋይሎቹን ማጥፋት ነው።»

«ማጥፋት የሚባል ነገር እንዳልሰማ!» ጋሼ ከወንበሩ ተነሣ።

«ባለፈውማ እትዬ ኩኪውንም አብረው ጠርገውት ነው ጋሼ። ኩኪ ማለት ድረ ገጹ እርስዎን የሚያውቅበት ምልክት ነው። ስም አላስመዘገቡም፤ መታወቂያዎ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ ጨዋታው አለ፣ እርስዎ የሉም።»

አክስቴ ጥቂት አሰበች። «አንሶላው ላይ የምንሰፋው የክፍሉ ቁጥር ማለት ነዋ።»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ታዲያ ቁጥሩን ቀዶ የሚያጥብ አለ? ባለፈው አትነግረኝም ነበር?»

«መች ጠየቁኝ እትዬ!»

ጋሼ «እኔ አላይም» ብሎ ኮሪደር ወጣና በሩን ዘጋ። አክስቴ መነጽሯን ወልውላ ተቀመጠች። ጠጋኙ እየመራት ማጥፊያውን ከፈተች፤ ሦስት ሳጥኖች ወጡ፣ ሁሉም ምልክት አለባቸው።

«የመጀመሪያው የጎበኟቸው ገጾች ናቸው፤ ምልክቱን ያንሡ። ሁለተኛው ኩኪ ነው፤ እሱንም ያንሡ። ሦስተኛው፣ የተከማቹ ምስሎችና ፋይሎች የሚለው፣ እሱ ይቅር።»

«ቆይ፣ የሚቀረው ነው የሚጠፋው?»

«ምልክት ያለበት ይጠፋል።»

«ታዲያ ‹ይቅር› ትለኛለህ እንዴ? ሰው ልታስገድለኝ ነው?»

ከበሩ ጀርባ የታፈነ ድምፅ መጣ። «ጨረስሽ?»

«ዝም በል! ኪስ እየፈተሽኩ ነው!»

ሁለተኛውን ሳጥን አየችው፤ ባዶ ነው። ጣቷን አስጠግታ እንደገና አየችው። ከዚያ «አጥፋ» የሚለውን ተጫነች። ገጹን ስንከፍተው ሰሌዳው በአንድ ጊዜ ግጥም ብሎ ወጣ።

«ና ግባ፤ ሰውዬህ ጥጉ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀህ ነው» ብላ ተጣራች።

ጋሼ ገባ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ንግሥቱን አንቀሳቀሰ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የቀረችው አንዲት እርምጃ ናት።

ተጋጣሚው ግን አልመለሰም። ጋሼ ጠዋት ያያል፣ ማታ ያያል፤ ምንም የለም። ጊዜው ሲያልቅ ጽሑፍ ወጣ፦ «ተጋጣሚዎ በጊዜው አልተጫወቱም። አሸንፈዋል።» ጋሼ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቃል ይኸው መጣ፤ ፊቱ ግን ሬዲዮ መሐል ላይ የተዘጋበት ሰው ፊት ነበር።

«መሸነፉን አይቶ ሸሽቶ ይሆናል» አለ ጠጋኙ በስልክ።

«አይሸሽም። ጨዋ ሰው ነው» አለ ጋሼ፣ አይቶት ስለማያውቀው ሰው።

«እንግዲያው እሱም አልተመዘገበማ፤ አንድ ሰው ኩኪውን አጥፍቶበት ይሆናል።»

አክስቴ ይህን ስትሰማ ጨርቋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። «ሚስቱ ናታ! ምን ዓይነት ሴት ናት በሞቴ? ኪስ ሳይፈተሽ ይታጠባል? የሰው ልፋት እንዲህ ይጠረጋል?»

ጋሼ ቀና ብሎ አያት።

በማግስቱ ስሙን ከነአባቱ ስም አስመዘገበ። የእንጨት ሰሌዳውንም አወጣና ያቺን ያልተጨረሰች አቀማመጥ ጠጠር በጠጠር ደርድሮ ሳሎን አስቀመጣት፤ ለሚመጣ ሁሉ «እዚህ ጋ ብሄድ አብቅቶለት ነበር» እያለ ያሳያል። አክስቴም አትለቅማትም። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እያነሣች ሥራቸውን ትወለውልና መልሳ ታስቀምጣለች።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ስሄድ ሰሌዳውን አየሁት። ንግሥቲቱ ከቦታዋ አንድ ቤት ፈቀቅ ብላ ተቀምጣለች። በዚያ አቀማመጥ የሚያሸንፈው እንግዳው ነው። ወደ ጋሼ ዞር አልኩ፤ እሱ ቀድሞኝ አይቶታል። አክስቴ ከጓዳ እያንጎራጎረች ጨርቋን ስትጨምቅ ይሰማል። ጋሼ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ተወው» በሚል ዓይን ተመለከተኝ።