ለመምህርቷ ሽማግሌ የሆንን ዕለት

ስም አልጠራም፤ በነገሩ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ግን አንድ በአንድ ላስተዋውቅ። አንደኛዋ ፀዳ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ከአይከል ከተማ የመጣች፣ ያላገባች፣ ድምጿ ከቁመቷ የሚበልጥ ወጣት። ሁለተኛው ከጎኗ ባለው ክፍል አራተኛ ክፍልን የሚያስተምረው መምህር ነው። ሦስተኛዋ መምህርቷን ቤቷ ያስቀመጠቻት አክስቷ ናት። አራተኛው አራዳ ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው፤ ትንሿ ልጃቸው የመምህርቷ ተማሪ ናት። አምስተኛው ከገጠር መጥተው ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያመላልሱት እሳቸው ሲሆኑ ሰፈሩ ሁሉ አያ ይላቸዋል። ስድስተኛዋ የመጨረሻ ልጄ ናት። ሰባተኛው እኔ ነኝ፤ ሙያዬ ግንበኝነት ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ ድንጋይ ስንሸከም አብሮኝ የነበረ ሠራተኛ ነው። ከዚያ በኋላ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመኪና ጀርባ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ስለዚህ ትምህርት ለእኔ ላብ ነው። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው፤ ደብተር ሲከፈት ሳቅ ይዘጋል። ዛሬም ቢሆን የቤት ሥራ ሳይሠራ እራት የሚባል ነገር አልወድም። ልጅ ድካምን ካልለመደ ዓለም ራሷ ታስለምደዋለች፤ የዓለም አለማመድ ደግሞ ከአባት ይከፋል።

የመጨረሻዋ ልጄ አንደኛ ክፍል የገባችው ትምህርት ቤቶች በአካባቢው ችግር ምክንያት ዘግይተው በተከፈቱበት ዓመት ነው። ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ሁለት ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያው አስተማሪያቸው ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። ልጄ በየማለዳው "ሆዴን" ትላለች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ምንም የለባትም ተባለ። ተቆጣሁ፤ ሄደች። ግን እንደሄደች ትመለሳለች፤ አንድ ፊደል እንኳ ይዛ አትመጣም።

ከዚያ ይህች መምህርት መጣች። ጠዋት በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ልጅ "በመንገድ ምን አየህ? ምን አየሽ?" ብላ ትጠይቃለች። ካዩት አንዱን መርጣ ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች፤ የዕለቱ ንባብ እሱ ነው። "ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ገባ።" "ሁለት በጎች ተጣሉ።" በሳምንቱ ልጄ ከእኔ ቀድማ መነሳት ጀመረች። መንገድ ላይ ሳፈጥናት እጄን ትጎትታለች፦ "አባዬ ቆይ፣ ገና ምንም አላየሁም!"

አንድ ቀን ደብተሯን ገልጬ ሳየው "አባቴ ግድግዳ ላይ ሆኖ ያፏጫል" ይላል። ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ስልሳ ሁለት ልጅ በአንድ ድምፅ አንብቦታል ማለት ነው።

"እኔ አላፏጭም" አልኩ።

ባለቤቴ ከጓዳ "ስትሠራ ታፏጫለህ፤ ሰፈሩ ያውቃል" አለችኝ።

ደስ አላለኝም። ግን ዐረፍተ ነገሩን የጻፈችው ልጄ ናት፤ አንድም ፊደል አልሳተችም። እውነት ከመሰከርኩ አይቀር፣ ያን ደብተር ይዤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጫለሁ።

ችግሩ የመጣው ከግድግዳው ነው። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ቺፑድ ነበር፤ እሱም ጫፍ ጫፉ ተበልቷል። የአንደኛ ክፍል ልጆች ሲያጨበጭቡ አራተኛ ክፍል ይሰማል። በቆርኪ ሲቆጥሩ ይሰማል። ሲስቁማ የአራተኛ ክፍል ልጆች ጆሯቸውን ቺፑዱ ላይ ይለጥፋሉ። መምህሩ ያንኳኳል፤ ዝም ይላሉ፤ ይረሱና እንደገና ይጀምራሉ። ነገሩ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰ። "ቀስ አድርጊያቸው" ተባለች። ቀስ አደረገቻቸው።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ "አሁን በሹክሹክታ ነው የምናነበው" አለችኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ "ቲቸር ምን አያችሁ አላለችንም" አለች። በሚቀጥለው ማለዳ "ሆዴን" የሚለው ቃል ወደ ቤቴ ተመለሰ።

ወዲያው መምህርቷ በመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ለቅቃ አይከል ወንድሟ እህል መጋዘን ልትገባ ነው ተብሎ ተወራ። ልጆቻችንን ልንወስድ በር ላይ ስንጠብቅ ከሐጂና ከአያ ጋር መከርን። እኔ ርእሰ መምህሩን እናነጋግር አልኩ።

"ምነው!" አሉ አያ። "ሰው በአለቃው በኩል ይለመናል? እሱ የሚያውቀው ማዘዝ ነው። ሰው የሚለመነው በሽማግሌ ነው።"

"አያ እውነት አላቸው" አሉ ሐጂ። "እኔም እሄዳለሁ።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄድን። አያና እኔ ጋቢያችንን አጣፍተን፣ ሐጂ አዲስ ኮፍያቸውን አድርገው የአክስቷን በር አንኳኳን። ሦስታችንም ልጅ የዳርን ሰዎች ነን። ይህን የመሰለ ቡድን ያላገባች ልጅ ያለችበትን በር ሲያንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። ግን የሄድነው ለሌላ ጉዳይ ስለነበር አንዳችንም አላሰብነውም።

አክስቷ ከፍታ ከራስ እስከ እግር አየችን። "ግቡ አባቶቼ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ።"

አያ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ።

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። "እመቤቴን! ቤቴ እንዲህ ተዝረክርኮ!" ብላ በጓሮ በኩል ጎረቤቷን ተጣራች፤ የገዛ ወንድሟን በስልክ እንድትጠራላት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ፊታችን ቆመች። "እሺ፣ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?"

"መምህርቷን ነው። ወደ አይከል እንዳትሄድብን፣ እዚሁ እንድትቀርልን ነው" አሉ አያ።

"ቤቱስ እዚሁ ነው?"

አያ ትምህርት ቤቱን መስሏቸው "ከአስፋልቱ ማዶ ነው" አሉ።

"የራሱ ነው ወይስ ኪራይ?"

"የመንግሥት ነው እንጂ፤ ምን ኪራይ አለው!"

አክስቷ ራሷን ነቀነቀች፤ የቀበሌ ቤት አልከፋትም መሰለኝ። ከዚያ ዓይኗ ሐጂ ላይ ዐረፈ። "ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ በሙሽራው በኩል ነዎት?"

መጀመሪያ የገባቸው ሐጂ ናቸው። ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። "እኅቴ፣ ሙሽራ የለም። ሚስት ልንጠይቅ አይደለም የመጣን። ልጆቻችንን ታስተምርልን ልንል ነው።"

የጓዳው በር ተከፈተ። መምህርቷ ሁሉንም ስትሰማ ቆይታ ኖሮ ፊቷ በንዴት ቀልቷል። "ባል እፈልጋለሁ ብዬ ለማን ነገርኩ? ማነው የላካችሁ?"

"ልጆቹ ናቸው" አልኩ።

አየችኝ፤ አወቀችኝ። "ጋሼ... የሚያፏጩት!" አለችና ሳቋን መያዝ አቃታት። አያም ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸውና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። አክስቷ ብቻ ቅር እንዳላት ዱካው ላይ ቁጭ አለች። "እኔ እኮ በሐሳቤ ዶሮዎቹን አርጄ ጨርሼ ነበር" አለች።

መምህርቷ ዓይኗን ጠራርጋ "በሉ ተቀመጡ" አለችን።

"እቀራለሁ ሳትይን አንቀመጥም" አሉ አያ።

"እንግዲያው ይቁሙ አያ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የማስተምረው።"

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። "ሽማግሌ አያስፈልገኝም፤ የሚያስፈልገኝ ግድግዳ ነው" አለች። "ልጆች ሳይስቁ ማስተማር አልችልበትም። ሲስቁ ደግሞ ያን ምስኪን አስቸግረዋለሁ፤ እሱም አስተማሪ ነው፤ ከእኔ የባሰ ደክሞታል። ስንት ወላጅ መጥቶ ዋልሽ ወይ አለኝ? ወላጅ ክፍላችን የሚመጣው ሊከሰን ነው፤ አለዚያም ስብሰባ ተጠርቶ።"

ግድግዳ ሙያዬ ነው። "እንሠራዋለን" አልኩ። "እስቲ እናያለን" አለች። እቀራለሁ አላለችም። አያም ያን ዕለት ቆመው ገብተው ቆመው ወጡ።

በማግሥቱ አራተኛ ክፍል መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ክርክር ጠብቄ ነበር። እሱ ግን "ጋሼ፣ እሷን የጠላሁ መስሎዎት ነው?" አለኝ። "የእሷ ልጆች ሲስቁ የእኔዎቹ በሐሳብ ወደዚያ ይሄዱብኛል። አንዳንዴማ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ክፍልፋይ እያስተማርኩ ባጃጁ ከጭቃው ወጣ አልወጣ እያልኩ አዳምጣለሁ።" ለካ ይህም ሰው ችግሩን የሚነግረው አጥቶ ኖሯል።

ርእሰ መምህሩ ፈቀደ። ቀን መምረጡ ከግንባታው ባሰ። እሑድ አይሆንም። ቅዳሜም ሰንበት ናት ብለው አያ እምቢ አሉ። ዓርብ ቀትር ሐጂ መስጊድ ናቸው። በመካከል ሚካኤል አለ። በመጨረሻ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት የሥራ ቀኖች ላይ ደቦ አልን። ሐጂ ሲሚንቶውን በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው፣ በተጫነበት መኪና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው መጡ። አያ የጎረቤቶቻቸውን አህዮች ነድተው አሸዋ አመጡ። ለብሎኬቱ ሌላው ወላጅ አዋጣ፤ ገንዘብ ያጣው ጉልበቱን ይዞ መጣ። ሴቶቹ ዳቦና ቆሎ አመጡ። የመምህርቷ አክስትም መጣች፤ "ዶሮ ቢቀር ሽሮ አይቅር" ብላ ድስቷን አስቀመጠች።

እኔ ቀጥ ማለቱን በቱንቢ እየለካሁ ብሎኬቱን ደረደርኩ። የአራተኛ ክፍል መምህሩ ሲሚንቶና አሸዋ ለወሰ፤ ውሃ ያበዛል።

"መምህር፣ ይሄ ሾርባ ነው" አልኩት።

"ታዲያ ያስተምሩኝ እንጂ፣ ምን ይቆጡኛል?" አለኝ።

አስተማርኩት። እየሳቀ ተማረ፤ እስከ ማታ ልኩን አግኝቶታል። በዚያ ዕለት ራሴን ታዘብኩ፤ ሰው እየሳቀ ሲማር እጁ ሰነፍ አይሆንም። ሌላው ወላጅም ይህን ልብ ይበል። አስተማሪ ብርታት የሚያገኘው በደመወዙ ብቻ አይደለም፤ ዋልሽ፣ ዋልህ የሚለው ሰውም ያስፈልገዋል። የደከመ አስተማሪ የደከመ ክፍል ያወጣል፤ የዚያ ክፍል ድካም ማታ ቤታችን ይገባና ማለዳ "ሆዴን" ይላል።

ትምህርት ሲከፈት ልጄን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ማን እንደሚቆም ሳላውቅ ነው የሄድኩት። መምህርቷ ቆማለች። ልጄን "በመንገድ ምን አየሽ?" አለቻት። ልጄ እጄን ለቅቃ ሮጣ ገባች፤ መልሷን ከውስጥ ነው የሰማሁት።

ግድግዳው ፍጹም አይደለም። ከላይ ቆርቆሮው ሥር ክፍተት አለ፤ ጭብጨባው በዚያ ያልፋል፤ ግን የሚያስቸግር አይደለም ብሎኛል መምህሩ። እሱም ልጆቹን የማባዣ ሠንጠረዥ በዜማ እንደሚያስብል ሰምቻለሁ። በየወሩ መጀመሪያ ከወላጆች ሁለት ሁለት ሆነን ሁለቱንም መምህራን እንጠይቃለን። ክስ ይዘን አንሄድም። እግዚአብሔር ይስጥልን ብለን፣ የጎደላቸውን ሰምተን እንመለሳለን። መምህርቷ እስከ ዛሬ አልሄደችም። እኔም እሷን ስላመጣልን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ሐጂም በበኩላቸው አልሐምዱሊላህ ይላሉ።

ወጪውንም ልናገር። ብሎኬቱ፣ ሐጂ የሰጡት ሲሚንቶ፣ አሸዋውና ምግቡ ተደምሮ ሁላችንን ያስወጣን ሃያ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ለስልሳ ሁለቱ ልጆች ሲካፈል ለአንድ ልጅ አራት መቶ ብር አይሞላም።