በልኬ የተጠረበች የገና ዱላ

ሰው በስሙ ይጠራል፤ እኔ ግን ጎረቤላ ላይ አራት ዓመት ሙሉ የተጠራሁት በግጥም ነው።

ስሜ ዘርአ ዳዊት ነው። ሥራዬ ከፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አባቴ ቄስ፣ አያቴ መሪጌታ ነበሩ። እኔ ከሁለቱም የወረስኩት ዜማውን ብቻ ነው፤ ጽሞናውን አላገኘሁትም። ከቆሎ ትምህርት ቤት ያስወጣኝም ይኸው የዘፈን ፍቅር ነው። ጾመ ድጓ ሳጠና የሠርግ ዘፈን አፌ ላይ ይመጣብኛል። ለቅሶ ቤት ሄጄ አልቃሿ ጥሩ ግጥም ስታወርድ፣ ሟቹን ረስቼ «ድገሚያት!» ልል ምላሴን የነከስኩበት ቀን አለ። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ግጥም ሲወጣበት ምን እንደሚሆን እስቲ አስቡት።

ነገሩ የጀመረው በ1951 ዓ.ም. ገና ላይ ነው። እንደ አገሩ ወግ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተለይተን፣ በቆልማማ ዱላ ሩሯን፣ ያቺን ድብልብል እንጨት፣ እየመታን አንዱ ወደ ሌላው ዳር ሊያሳልፍ እንጋፋለን። ያሸነፈ ይጨፍራል፤ የተሸነፈ ይሰደባል። የላይ ሰፈር ቡድን አባት አቶ ኪዳነ ማርያም ናቸው፤ ሲቆሙ ዋርካ፣ ሲቆጡ ነጎድጓድ የሚያህሉ ሰው። ሩሯ እግሬ ሥር መጥታ ቆመች። ባላጋራ የለም፤ ነፋስ እንኳ የለም። ዱላዬን እስከ ሰማይ አንስቼ ሰነዘርኩ። ሩሯን ስቼ የራሴን ቡድን አባት ቅልጥም አገኘሁት።

አቶ ኪዳነ ማርያም በአራት ሰው ተደግፈው ሲወጡ፣ የታች ሰፈሩ ወልደ ሰንበት ጊዜ አላጠፋም። የጨዋታው ግጥም አውራጅ ነው፤ አፉ ከዱላው ይበልጥ ያማል።

ሩሯ እዚህ ተቀምጣ እንደ እንግዳ ደራሽ፣
ዘርአ ዳዊት ዱላው የወገን ቅልጥም አራሽ።

ከሁሉ የከፋው ግጥሙ ጥሩ መሆኑ ነው። እውነቴን ነው! «እንግዳ ደራሽ» የምትለውን ቃል እኔ ሦስት ቀን ብቀመጥ አላመጣትም ነበር። መጥፎ ግጥም ቢሆን በሳምንቱ ይሞት ነበር። ይህ ግን አደገ፣ ጎለመሰ፣ እግር አውጥቶ ሄደ። ባለጉዳይ መጥቶ «ጸሐፊው የቱ ነው?» ሲል፣ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ «ያውልህ፣ ቅልጥም አራሹ» ይላል። አንድ ጊዜ ለጉዳይ ደብረ ብርሃን ወርጄ አውቶቡስ ውስጥ አንድ የደነባ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ።

«ከወዴት ነህ?» አለኝ።

«ከጎረቤላ።»

ፊቱ በራ። «እንግዲያው ያንን ቅልጥም አራሽ የሚሉትን ታውቀዋለህ?»

«በስም ብቻ» አልኩት።

ቤቴም ውስጥ አላመለጥኩም። ባለቤቴ ደመቀች ሱፍ እየፈተለች ሳታስበው ታንጎራጉረዋለች። ጉሮሮዬን ስጠርግ ደንገጥ ብላ ዝም ትልና፣ እንዝርቱ ሦስት ጊዜ ሳይዞር መልሳ ትጀምራለች።

በ1955 መስከረም ደመቀች ማርገዟን ነገረችኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ወዲያው ግን አንድ ሐሳብ እንደ እሾህ ወጋኝ። ይህ ልጅ ሲወለድ የማን ልጅ ይባላል? የቅልጥም አራሹ! ውሃ ሊቀዳ ሲላክ፣ ፊደል ሊቆጥር ሲሄድ፣ ያቺ ግጥም ከፊቱ ፊቱ ትሄዳለች። ከመወለዱ በፊት ልገድላት ይገባል። ግጥምን የሚገድለው ደግሞ ዘመን አይደለም፤ ሌላ ግጥም ነው። አንዲት ጊዜ ብቻ ሩሯን ከፍ አድርጌ ብልካት፣ ወልደ ሰንበትም ቢሆን አዲስ ሊያወጣልኝ ግድ ነው።

እንዴት እንደምልካት ሳወጣ ሳወርድ ያኔ የሳትኩበትን ምክንያት ደረስኩበት። ጥፋቱ የኔ አልነበረም፤ የዱላው ነው። ዱላዬ የአጎቴ ነበረች። አጎቴ ነፍሳቸውን ይማርና አጭር ሰው ነበሩ። ሰው በሌላ ሰው ሱሪ ቢሮጥ ይወድቃል፤ በሌላ ሰው ዱላ ቢመታ የወገን ቅልጥም ያገኛል። በልኬ የተጠረበች ዱላ ያስፈልገኛል!

«ዱላ ነው ያስቸገረህ?» አለች ደመቀች።

«ታዲያ ሌላ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ስትመታ ዓይንህን ትጨፍናለህ መሰለኝ።»

ይህን እንዳልሰማሁ አለፍኩት።

በኅዳር ጋሽ ገብረአብ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ገብረአብ ለካህናት መቋሚያ፣ ለጎረምሳ የገና ዱላ የሚጠርቡ ሽማግሌ ናቸው። ወይራውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ በእሳት አሙቀው ይቆለምሙታል፣ ቅቤ አጠጥተው ያሰነብቱታል። ዋጋውን ተስማማን፦ እኔ ለመሬት ክርክራቸው አንድ ማመልከቻ፣ እሳቸው አንድ ዱላ። ሲለኩ ደግሞ እንደ ሐኪም ናቸው። መዳፌን ዘርግተው በስንዝር፣ ክንዴን ይዘው በክር፣ ከእጄ አንጓ እስከ መሬት ድረስ ለኩኝ። ከዚያ አንድ ድንች መሬት ላይ አስቀመጡ።

«በል፣ ሜዳ ላይ እንደምትቆመው ቁም።»

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ደመቀች አብራኝ መጥታ አጥሩን ተደግፋ ታየኛለች። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ ፉከራው ሁሉ፣ ቀረርቶው ሁሉ ይጮኻል። በየዘፈኑ ያለው ጀግና ጎንበስ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደረቱን ነፍቶ ነው የሚቆመው! እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ አንገቴን አቀናሁ፣ ተረከዜንም ትንሽ ሳላነሳ አልቀረሁም።

ጋሽ ገብረአብ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እንዲህ ቀጥ ብለህ ነው የምትጫወተው?»

«አዎን ጋሽዬ።»

«ጎንበስ አትልም?»

«እኔ? ጎንበስ?»

ከአጥሩ በኩል ሳቅ ተሰማ። «እንግዲያው አምና ሜዳ ላይ እንደ ዶሮ ሲጭር ያየሁት ሌላ ሰው ነው» አለች ደመቀች።

«ደመቀች፣ ተይኝ!»

ሽማግሌው ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እኔ የቆመልኝን ነው የምለካው» አሉና ክሩን ቋጠሩ።

ዱላዋ በታኅሣሥ መባቻ ደረሰች። እንዴት ያለች ዱላ! ቀይ ዳማ፣ አንገቷ ሎጋ፣ አፏ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ። ደረቴን ነፍቼ ስይዛት ከኔ ጋር የተወለደች ትመስላለች። ከፍቅሬ ብዛት ማመልከቻ መጻፉን ትቼ ለራሴ የድል ግጥም መግጠም ጀመርኩ። ወልደ ሰንበት ቃል ቢያጥረው ላበድረው ብዬ እኮ ነው።

ሲመታት በረረች ሩሯ ክንፍ አውጥታ፣
ታች ሰፈር ቆመላት አንጋጦ በተርታ።

የገና ዕለት ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ያ ሜዳ በስተምሥራቅ ገደል ነው፤ ከዳሩ ሆነው ሲያዩ ቆላው እስከ አልዩ አምባና ከዚያም ወዲያ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። አቶ ኪዳነ ማርያም ከአባታቸው የወረሷትን ሩር ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። አርባ ዓመት የተመታች፣ እንደ መስተዋት የምታበራ ሩር ናት። እኔን ሲያዩ ቅልጥማቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«አንተ ከወደ ገደሉ ዳር ቁም» አሉኝ። «ከኔ ራቅ በል ብቻ።»

ጨዋታው ተጋጋለ። እነሱ አንድ ጊዜ አሳለፉ፣ እኛም አንድ ጊዜ አሳለፍን። ፀሐይዋ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ስታዘቀዝቅ ማሸነፊያዋ ምት ብቻ ቀርታ ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ ዳር ቆሜ ደረቴን ነፍቼ ብርድ ሲመታኝ ነበር። በድንገት ሩሯ ከግፊያው ውስጥ ሾልካ፣ ተንከባላ ተንከባላ መጥታ እግሬ ሥር ቆመች። ልክ የዛሬ አራት ዓመት እንደሆነው። ልክ እንደ እንግዳ ደራሽ።

«ዘርአ ዳዊት!» ብለው ጮኹ አቶ ኪዳነ ማርያም። «ወደዚህ ላካት! ወደኔ!»

ሰውነቴ ዘፈኑን ረሳው። እንደ ልማዴ ጎበጥኩ፣ እንደ ልማዴ መሬቱን ጫር ጫር አደረግኩ። ዱላዋ ያን ጊዜ ረዘመችብኝ፤ ጭራዋ ሆዴን ወጋኝ። እየተናደድኩ ባለ በሌለ ኃይሌ ሰነዘርኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም ብዬ አልምልም።

ቋ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሕይወቴ ሩር የመታሁበት የመጀመሪያው ድምፅ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ሩሯ የለችም። ቀና ስል ሰማይ ላይ አየኋት! ምድር ለምድር መሄድ የሚገባት ሩር እንደ ርግብ ተነሥታ ትበራለች። ታች ሰፈር በተርታ አንጋጠጠ። ላይ ሰፈርም አንጋጠጠ። ግጥሜ ቃል በቃል ተፈጸመ፤ ወደየት እንደምትበር ብቻ ሳልገጥም ቀርቻለሁ። ሩሯ ከሁላችንም ራስ በላይ ዞር ብላ፣ የገደሉን ጠርዝ ተሻግራ፣ ወደ ቆላው ሰማያዊ ውስጥ ገባች።

ወልደ ሰንበት አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ምንም አልወጣውም።

«ያባቴ ሩር» አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም ቀስ ብለው።

«ጋሽ ኪዳነ፣ መቼም በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል» አልኩ።

«እውነት ነው፤ ጌታ አይቆጣም» አሉና ዱላቸውን ጨብጠው መጡ። «እኔ ግን ጌታ አይደለሁም!»

ያን ቀን መሮጥ እንደምችል ታወቀ። ጨዋታው ያለ አሸናፊ ቀረ፤ ሌላ ሩር አልነበረም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ለደመቀች «አሮጌው ግጥም አልሞተም፤ አሁን ታናሽ ወንድም ይወለድለታል» አልኳት። እሷ ሆዷን ይዛ ከሳቋ ብዛት ታለቅሳለች።

ነገር ግን ሳምንት ሙሉ ከወልደ ሰንበት ምንም አልተሰማም። ለካ ግጥሙ ከቆላው በኩል እየወጣ ነበር።

በገበያ ቀን የአልዩ አምባው ነጋዴ አብዱልጀሊል በርበሬና ጨው በአህያ ጭኖ ዳገቱን ወጣ። ገበያው መካከል ቆሞ ከሽርጡ እጥፋት ሩሯን መዘዘና ከፍ አድርጎ አሳየ።

«የአላህ ሰላም ይሁንላችሁ። የዚች ባለቤት ማነው?»

ዘበኛው አንገቴን ይዞ ወደፊት ገፋኝ። «ይኸውልህ!»

አብዱልጀሊል ራሴን ሳመኝ። «ወላሂ፣ አንተን ሳላይ ብሞት ይቆጨኝ ነበር! ከገደሉ ሥር ባለው መንገድ ስንወጣ፣ ይቺ ከዓለት ዓለት እየነጠረች መጥታ አህያዬ ፊት ዱብ አላለችም? አህያዬ ደንብራ ጨዉን ዘረገፈችው። እኛ መጀመሪያ የምጽአት ቀን መስሎን ሸሃዳ ብለን ለሞት ተዘጋጀን። ኋላ የእናንተ እረኞች የሆነውን ሲነግሩን እስኪበቃን ሳቅን። አሁን አልዩ አምባ ውስጥ በልጅ በአዋቂው አፍ ያለው ዘፈን ይኸው ነው።» ጭብጨባ ሳይጠብቅ አወረደው፦

በረዶ ሲጥል ነው ከደጋ ስንሰማ፣
እንጨት ዘነበብን አልዩ አምባ ከተማ።
ዘርአ ዳዊት እባክህ ዱላህን አሳጥር፣
አህያችን ደንብራ ጨው በተነች ባገር።

አልዩ አምባ ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ሩሯ ከተማውን በሩቁም አላየችውም። ማን ይጠይቃል! ገበያው ፈነዳ። አቶ ኪዳነ ማርያም ሩራቸውን ተቀብለው በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደንግጬ ባያቸው ይስቃሉ። ወልደ ሰንበት ብቻ ከጥግ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ቅናት መሰለኝ። ለካ ግጥሙን ሲያጠናው ነበር።

ከዚያች ቀን ወዲህ ቅልጥም አራሽ ያለኝ ሰው የለም። ያቺን ግጥም ቀበርኳት። እኔ ግን ደጋውም ቆላውም የሚስቅብኝ ሰው ሆንኩ፤ ከአንድ አገር ስድብ ወደ ሁለት አገር ስድብ አደግኩ ማለት ነው።

በየካቲት ልጃችን ተወለደ። በግንቦት ዱላዬን ይዤ ጋሽ ገብረአብ ዘንድ ተመለስኩ። ደመቀች ልጁን አዝላ ተከተለችኝ። ሽማግሌው ዱላዋን ተቀብለው አንድ ጊዜ አዩኝ፣ አንድ ጊዜ ዱላዋን አዩ።

«እሷ ምንም አልበደለችህም» አሉ። «የለካሁት የቆመልኝን ሰው ነው። ሜዳ ላይ የመጣው ሌላ ሆኖ ነው። ስትጎብጥ ጭራዋ ሆድህን ገፋ፣ አፏ ከሩሯ ሥር ገባ፣ ወደ ላይ አነሣቻት።» ክራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «በል፣ እንደገና ቁም።»

ደረቴ በልማዱ ሊነፋ ሲል ከአጥሩ በኩል ደመቀች ልጁን እሹሩሩ ስትል ሰማኋት። ከዘፈን ሁሉ መርጣ የአብዱልጀሊልን ነው የምትዘፍንለት። «ዘርአ ዳዊት እባክህ ዱላህን አሳጥር...» ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ይስቃል። የሦስት ወር ልጅ በአባቱ ሲስቅ!

ጎበጥኩ። ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ሆዴን ለቀቅኩ፣ እንደ ዶሮ ጫር ጫር አደረግኩ።

«አሁን ገና መጣህ» አሉ ጋሽ ገብረአብ። ለኩ፣ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ምልክት አደረጉና መጋዙን አነሡ። መጋዙ ሲመላለስ ምቱ ከደመቀች ዜማ ጋር ገጠመ። ግጥሙ ጥሩ ነው፤ «ጨው በተነች ባገር» የምትለዋ በተለይ። አላስቻለኝም። እንደጎበጥኩ እጄን አጨብጭቤ ተቀበልኳት።