የስሙኒዋ ክር

ባሌ ሳንቲም ይሰብስብ፣ ምን ከፋኝ? የሰው ባል ጫት ቤት ያመሻል። የእኔው ሞጆ ደረቅ ወደብ ውሎ ሲመጣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ከአልበሙ ጋር ይቀመጣል። የጃንሆይን ሳንቲሞች ሲሰበስብ ክፉ ቃል ተናግሬው አላውቅም። ጠባችን የጀመረው የደርግን ዕቃ ቤቴ ማስገባት ሲጀምር ነው። ኮከብና መዶሻ ያለበት የደረት ዓርማ፣ የአብዮት ጠባቂ ቀይ የክንድ ጨርቅ፣ ኧረ ምኑ ቅጡ!

"ይሄን የገዳይ ጌጥ ከቤቴ አውጣልኝ" አልኩት።

"ታሪክ እኮ ነው አንቺ። እኛ ካላስቀመጥነው ማን ያስቀምጠዋል? ነገ ልጆቻችንን እንዲህ ያለ ዘመን አልነበረም ቢሏቸውስ?"

ነገሩስ እውነት ነው። ግን ቴሌግራም ላይ ያሉትን ጓደኞቹን አይቻቸዋለሁ። ዓርማውን ፎቶ አንስቶ ሲለጥፍ አንዱ "ወይ ያ ዘመን፣ ሥርዓት ነበረ!" ይላል፤ ሌላው ጃኬቴ ላይ ላድርገው፣ ሽጥልኝ ይላል። "ይኸው ታሪክህ!" ብዬ ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት። ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ አልሸጥም አለኝ፤ እውነትም አልሸጠም። መሰብሰቡን ግን አልተወም።

እማዬ ከወንጂ መጥታ እኛ ጋ መኖር ስትጀምር ነገሩ ባሰብኝ። እማዬ ታናሽ ወንድም ነበራት። በቀይ ሽብር ጊዜ እዚሁ ናዝሬት የሚማር ጎረምሳ ነበር፤ አንድ ጠዋት ከወንጂ አውቶብስ ተሳፍሮ እንደወጣ ቀረ። አንዱ ሰው፣ ቀበሌ ታስሮ አየሁት አለ፤ ሌላው የለም፣ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገብቷል አለ። አስከሬን የለ፣ ወሬ የለ። ያኔ ለእንዲህ ያለ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። ክልከላው ሲቀር ደግሞ አያቴ "በቁሙ ላለ ልጅ አላለቅስም" ብላ እምቢ አለች፤ እንዳለች ሞተች። እማዬ ያንን ወርሳ ይኸው አርጅታለች። ዛሬም የግቢው በር ሲንኳኳ ከሁላችንም ቀድማ ቀና የምትለው እሷ ናት።

ስለዚህ የደርግን ዕቃ ዓይኗ እንዳያየው ባሌን አስማልኩት። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ አልበሞቹን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀላቸው።

አንድ እሑድ ግን እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ቶሎ ተመለሰች። የአዳማ ነፋስ ያን አቧራውን አስነስቶ መንገዱን አስመርሯት ነው። ባሌ በረንዳው ላይ ዕቃውን ዘርግቶ ይለያል። ሲያያት ደንግጦ የደርግ የደርጉን በጋዜጣ ከደነው። የጃንሆዮቹን ተዋቸው፤ እነሱ ምን ያደርጓታል ብሎ።

"እስቲ የልጅነቴን ገንዘብ ልየው" ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱም ደስ ብሎት ያስረዳት ጀመር። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ወሬው ድንገት ሲቋረጥ ዞር አልኩ። እማዬ አንዲት ስሙኒ ይዛ በአውራ ጣቷ ጠርዟን ትዳስሳለች።

"ይቺን ከየት አመጣሃት?"

ዙሪያዋ ጥርስ ጥርስ ያላት የጃንሆይ ስሙኒ ናት። ሁለት ቀዳዳ አላት፤ አንዱ ከላይ ጠርዟ ላይ፣ አንዱ ንጉሡ ጉንጭ ላይ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ።

ታሪኳን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ነው። ከአጎቴ በፊት የተወለዱት ወንዶች ሁሉ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። እሱ ሲወለድ አያቴ፣ ይሄንንስ አይውሰድብኝ ብላ፣ ማተቡ ላይ ስሙኒ አስበስታ አሰረችለት። የበሳት ወንዱ አያቴ ነው፣ አገዳ ቆራጩ፣ በምስማርና በድንጋይ። መጀመሪያ ምስማሩ አዳልጦት የንጉሡ ጉንጭ ላይ አረፈ። "ጃንሆይን ወጋሁ፣ መጥተው ሊወስዱኝ ነው!" እያለ ሲያስቅ ኖረ አሉ። ጉንጯ የተወጋ ስሙኒ ሁለተኛ ከየት ይመጣል?

"እንዲህ አታበራም ነበር" አለች እማዬ።

"በሎሚ አሽቻት ነው፣ እማማ። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከሌላ ዕቃ ጋር ነው ከቆራሌው የገዛኋት።"

ሌላው ዕቃ ምን እንደሆነ አልነገራትም። ጋዜጣው ሥር ነበር።

"ክር አልነበራትም?"

"ነበራት። ያደፈ ጥቁር ክር። በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት።"

"አንተ ሳትቆርጠው በፊትስ? ተበጥሶ ነበር ወይስ ቋጠሮው ተፈትቶ?"

 ጥያቄው ባሌን መጀመሪያ አልገባውም፤ እኔ ግን የማሰጣውን ልብስ ትቼ ተጠጋሁ።

"ያ ልጅ ማተቡን በገዛ እጁ አይበጥስም" አለችው፣ ለሕፃን እንደምታስረዳ ቀስ ብላ። "እናቱ አስምላዋለች። መንገድ ላይ ቸግሮት ለሰው ሰጥቶ ከሆነ ፈትቶ ነው የሚሰጠው። ተበጥሶ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ነው ከአንገቱ የበጠሰው። አየኸው ወይ፣ ልጄ?"

"አላየሁም፣ እማማ።"

አላየም! ሳንቲም ላይ ያለውን አንበሳ ጭራ በማጉያ መነጽር የሚመረምር ሰው፣ ስሙኒዋ መቼ እንደወጣች ከዓመቷ ጋር የሚያውቅ ሰው፣ ክሩን አላየውም። ለሱ ቆሻሻ ነው። እሪ ማለት አማረኝ። ግን ማን ላይ እሪ ልበል? እንባው በመነጽሩ ሥር እየወረደ ነው።

በማግሥቱ ከሥራ ቀርቶ ቆራሌውን ፍለጋ ከተማውን ሲያስስ ዋለ፤ አገኘውም። ቆርቆሮውን ያስታውሰዋል። አንድ ሽማግሌ ሞተው ወራሾቹ ዕቃ ሲጥሉ ነው የገዛው። ቤቱ ለልማት ፈርሷል፤ ወራሾቹ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም።

"ሽማግሌው ምን ነበሩ? የቀበሌ ሰው?" አለው ባሌ።

"እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ? ቆርቆሮ ነው የምገዛው!"

ማታ ይህን ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ "ምናልባት እሳቸውም እንደኔ ሰብሳቢ ነበሩ ይሆናል" አለ። ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ሊሆን ይችላላ! እሳቸውም ከሌላ ገዝተው፣ ያም ከሌላ። ማን ከአንገቱ እንዳነሳት እንግዲህ በምን ይታወቃል?

"አንድ ነገር በላት፣ በእናትህ" አልኩት።

"ምን ልበላት? አንቺ ንገሪኝ።"

ምን ብዬ ልንገረው? ተፈትቶ ነበር ቢላት በዚህ ዕድሜዋ በር በር ስታይ ልትሞት ነው። ተበጥሶ ነበር ቢላት ደግሞ አጎቴን የምንገድለው እኛ ነን፣ በአፋችን። ሁለቱንም ቀምሰን ሁለቱንም ተፋናቸው። እውነት ከክሩ ጋር ቆሻሻ ሆና ከቤታችን ወጥታለች፤ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ወስዷታል።

አልበሞቹን ልጣላቸው ሲል የከለከልኩት እኔው ነኝ፣ ያቺ የገዳይ ጌጥ አውጣልኝ ባይዋ። የስንቷ እናት ልጅ፣ የስንቷ እህት ወንድም ዕቃ እዚያ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል? ማስቀመጡም ነውር፣ መጣሉም ነውር ሆነብን። አሁን ከቆራሌ አይገዛም። የያዘውንም አያጥብም። አንዳንዴ አንዱን ዓርማ አንስቶ ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና ይመልሰዋል።

እማዬ ስለ ክሩ ደግማ አልጠየቀችም። አንድ ጠዋት ብቻ ባሌን ጠርታ ጥቁር ክር እንዲገዛላት ላከችው። ሲመጣ ስሙኒዋን በክሩ አሳልፋ አንገቷን ሰጠችው፣ እሰርልኝ ብላ። ሁለት ጊዜ ቋጠረው።

"እኔ ስሞት እንዳትቆርጡት" አለችው። "ጊዜ ቢወስድባችሁም ፍቱት። ወንድሜ ቢመጣ ምን ብላችሁ ትሰጡታላችሁ?"